የካዛንቺሱ ካቢኔት እጀታ

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ እግር አናጺ ማዕድ ቤቴን ሊያድስልኝ መጥቶ፣ አንዱን የካቢኔት በር መሬት ላይ አጋድሞ መብሳት ጀመረ። መሰርሰሪያው ቺፑዱ ውስጥ ሲገባ የሚወጣው ሽታ፣ ያ የጋለ እንጨትና የኮላ ድብልቅ፣ ሳሎን ድረስ መጣ። ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ብድግ አልኩና ሳላስበው፣ «ከየት እስከ የት ነው የለካኸው?» ብዬ ጮኽኩበት። ልጁ ደንግጦ ቀና አለ። «ከመሀል መሀል ነዋ እትዬ! ዘጠና ስድስት ሚሊ ነው እኮ፣ ምነው?» አለኝ። ይቅርታ ጠይቄው ወደ ሻዬ ተመለስኩ።

ሰው በእጀታ ምክንያት ይጮኻል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ወደ አምስተኛ ክፍል ያለፍኩበትን ክረምት አብሮኝ ስላላሳለፈ ነው።

ያኔ የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ፣ አምስት አባወራ በአንድ በር በሚወጣበት ግቢ ውስጥ ነበር። አባዬ አጥሩን ተጠግቶ በቆርቆሮ የሠራት አንዲት ክፍል ነበረችው። እሱ «ወርክሾፕ» ይላታል፤ እማዬ «ያቺ ጎሬ» ትላታለች። መጋዞቹ በመጠናቸው ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል፣ የኮላው ጣሳ ጥግ ይዟል፣ መሬቱ ላይ ያለው ሰጋቱራ እግሬን ይውጠኛል። ዝናብ ሲወርድ እዚያ ውስጥ መነጋገር አይቻልም፤ በእጅ ምልክት ነበር የምንግባባው።

ሰፈርተኛው ጋሽ ንጋቱ ይለዋል። በርና መስኮት፣ አግዳሚ ወንበርና ሣጥን ሠርቶ ነው ያሳደገኝ። ከሱቅ የተገዛ እጀታ ግን በሕይወቱ ገጥሞ አያውቅም ነበር። እጀታ ካስፈለገው ከእንጨት ይጠርበዋል፤ ልኩም ሁልጊዜ አንድ ጋት ነው። አራት ጣቱን ገጥሞ እንጨቱ ላይ ያሳርፍና ግራና ቀኙን በእርሳስ ይጭራል። «አራት ጣት የማያስገባ እጀታ ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ የሚያምረው አንገት ላይ ነው» ይል ነበር። በሩን የሚከፍተው ሰው ሁሉ የሱን የሚያህል እጅ ያለው ይመስለዋል መሰለኝ።

በዚያ ክረምት አባዬ ቅርብ ያለ ነገር ማየት ካቃተው ቆይቶ ነበር። አሁን እንዲህ በአንድ መስመር እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ከራሱ በስተቀር ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ማንስ ይጠረጥራል? ሩቅ ሲያይ ንስር ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የሚሄደውን ሰው ፊቱ ሳይዞር በአረማመዱ ይለየዋል። ሜትር ላይ ያለች ጭረት ግን ትጠፋበታለች። መነጽር ልግዛ እንዳይል፣ ዓይኑ የደከመ አናጺ የሚል ስም ቂርቆስን ዞሮ ለመጨረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ስለዚህ ሜትሩን እኔ እጅ ላይ አደረገው።

«ሰናይት፣ ስንት ይላል?»

«ስድሳ ሁለት ሳንቲ ከአራት።»

«ጎበዝ።»

እኔ ፈተና ነበር የመሰለኝ። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጽፋ «ስንት ነው?» ስትል መልሱ ጠፍቷት ነው እንዴ የምትጠይቀን? አባዬም እንደዚያ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ እርግጠኛ ስሆንም ስጠራጠርም የምመልስበት ድምፅ አንድ ነበር፤ ከተሳሳትኩ ያርመኛላ! አንድም ቀን አላረመኝም። እንግዲያው አንድም ቀን አልተሳሳትኩም ማለት ነው ብዬ በግቢው ልጆች መሀል ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ነገር ሆነ። ለአንዲት ጎረቤታችን የሠራው በር ሲዘጋ ከላይ በኩል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘበት። ሴትዮዋ ምንም አላለች፤ ክፍተቱን በጨርቅ ወትፋ ኑሮዋን ቀጠለች። እማዬን ያቃጠላት ያ ጨርቅ ነበር። ባለፈች ባገደመች ቁጥር ታየዋለች፤ ቀይ ጨርቅ ስለነበር ላለማየትም አይመችም። ወንድሟ ደግሞ አንድ መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋል ብሎ ለአባዬ ቦታ ይዞለት ነበር። መልሱ የሚጠበቀው እስከ መስከረም አንድ ነው።

«ንጋቱ፣ ስማኝ» አለችው አንድ ቀን፣ ምሳ እየበላን። «አሁን የያዝከውን የካዛንቺስ ሥራ አሳምረህ ካስረከብክ አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ግን በቃ፣ ጎሬውን ቆልፈህ ዱላህን ታነሳለህ።»

«እሺ» አለ አባዬ። እሺ ሲል በተከፈተው በር በኩል መጋዞቹን ነበር የሚያየው።

እኔ የማውቀው ዘበኛ የትምህርት ቤታችንን ብቻ ነበር። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሚደርስ ካፖርት ለብሶ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ይቆማል፤ ልጆች ጠጠር ወርውረውበት ይሮጣሉ። ከወርዋሪዎቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። አባዬ ያንን ካፖርት ለብሶ ሲታየኝ ጠጠሩም አብሮ ይታየኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን፣ ሰኔ ውስጥ፣ የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቄ ግራ ቅንድቤ ተሰነጠቀና ተሰፋሁ። እማዬ ሐኪም ቤት ይዛኝ ሄዳ ከኔ በላይ አለቀሰች። ፋሻው ሲነሳ ወደ አባዬ ሮጥኩ። አገጬን ይዞ ፊቴን አየና፣ «ምንም አይታይም» አለኝ። አባዬ ምንም አይታይም ካለ ምንም አይታይም። አንዲት የክፍሌ ልጅ «ስንጥቅ» ብላ ስትጠራኝ ውሸታም ብዬ ፀጉሯን ጎተትኩ፤ ወላጅ አምጪ ተባልኩ። ያኔም የተከራከርኩት አባዬ አይታይም ብሏል እያልኩ ነበር።

የካዛንቺሱ ሥራ የወይዘሮ አስካለ ማዕድ ቤት ነው። ወይዘሮ አስካለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። አንዲት ፊደል የዘለለ ጸሐፊ ፊታቸው አልቅሶ ይወጣል ይባላል። መነጽራቸው በዶቃ ክር ደረታቸው ላይ ይንጠለጠላል፤ የሚያጠልቁት ሲያነቡና ሲቆጡ ነው። ባልደረባቸው ቤት አይተው የወደዱትን ዓይነት ኪችን ካቢኔት ለአዲስ ዓመት እንዲደርስላቸው ፈልገዋል፤ እንግዳ አለባቸው። አሥራ ሁለት በርና አምስት መሳቢያ። አባዬ እንዲህ ያለ ሥራ ይዞ አያውቅም፤ ከሠመረ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሴት በሙሉ ተሰልፎ እንደሚመጣ ለእማዬ ነግሯታል።

የመጀመሪያው ፍጥጫ በእጀታ መጠን ነበር። ወይዘሮ አስካለ ረጅምና የሚያብለጨልጭ እጀታ በሁሉም ላይ ይሁንልኝ አሉ። አባዬ አልተከራከረም። በሳምንቱ አንድ በርና አንድ መሳቢያ አሸክሞኝ ካዛንቺስ ሄድን፤ በሁለቱም ላይ ከቁራጭ እንጨት የጠረባቸውን ሦስት ሦስት እጀታዎች፣ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም፣ ለጊዜው መትቶባቸው ነበር።

«እጅዎን በሳሙና ያርጥቡልኝ» አላቸው።

«ለምን?»

«ማዕድ ቤት ውስጥ በደረቅ እጅ የሚከፈት ነገር የለማ።»

ተገርመው አረጠቡ። አጭሯን ሲስቧት ሁለት ጣታቸው ተንሸራትቶ አመለጣቸው። በሩ ላይ ያለውን ረጅሙን ሳቡት፤ ተከፈተ። ፈገግ ብለው ዘወር ሲሉ የነጠላቸው ዘርፍ የእጀታው ጫፍ ላይ ተያዘና በሩ ተከትሏቸው መጣ። እኔ ሳቅኩ፤ አባዬ በዓይኑ ገሰጸኝ።

«በሩ ጠባብ ነው» አላቸው ረጋ ብሎ። «በጠባብ በር ላይ ረጅም እጀታ፣ ልጅ የአባቱን ጫማ እንዳጠለቀ ነው፤ ሲራመድ ያደናቅፋል። ለበሩ መካከለኛዋ ትበቃለች፣ አራት ጣትዎ ይገባል። መሳቢያው ግን ሰፊ ነው፤ ድስት ይዞ ነው የሚመጣው። የመሳቢያውን ስፋት ለሦስት ከፍለው አንዱን እጅ የሚያህለው ነው ልኩ። እሱ ረዘም ይበል።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እያስለቀቁ፣ «እሺ ጋሽ ንጋቱ፣ ለዛሬ አሸንፈውኛል» አሉ። መንገድ ላይ አባዬ እያፏጨ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከወይዘሮ አስካለ ጋር ሦስታችን እጀታ ልንመርጥ ሜክሲኮ ሄድን። የጋሽ ሸምሱ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ሚስማሩ በጆንያ፣ ማጠፊያው በካርቶን፣ እጀታው በሽቦ ተሰክቶ ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ሸምሱ አንድ አንድ እያወረዱ ባንኮኒው ላይ ደረደሩልን። አባዬ አላያቸውም፤ በየተራ አራት ጣቱን ነበር የሚያስገባባቸው። አንዷ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ይቺ ናት የበሩ። ጋቴን የለካችው ይመስላል።»

ለመሳቢያዎቹ ደግሞ ከሷ የምትረዝመውን እህቷን መረጠ። ወይዘሮ አስካለም ወደዷቸው። ችግሩ በሱቁ ውስጥ ያሉት እነዚያው ሁለቱ ናሙናዎች ብቻ መሆናቸው ነበር።

«ለጳጉሜ ይገባልኛል፤ ናሙናውን ግን አልሰጥም፣ ደንበኛ ምን አይቶ ይገዛል?» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «እስከዚያው ልኩን ይዘው ይሂዱና ሥራዎን ይሥሩ።»

አባዬ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ወይዘሮ አስካለ በዚያው ቅጽበት መነጽራቸውን አጠለቁ። የአባዬን ፊት ሳየው አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተነስቷል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሳቅ ብሎ ሜትሩን ለኔ ሰጠኝ።

«ልጄ ናት የምትለካልኝ። ከአሁኑ እጇ ይፍታታ ብዬ ነው። ለኪያቸው በይ።»

ሁልጊዜ ከየት እስከ የት እንደምለካ ይነግረኝ ነበር። ያን ቀን ለኪያቸው ብቻ ነው ያለው። እጀታውን ስገለብጠው በጀርባው ብሎን የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አየሁ። ልቤ ትንሽ ተጠራጠረ። ሆኖም ወይዘሮ አስካለ እያዩኝ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ደግሞ አይጠይቅም፣ ይመልሳል። ሜትሩን ከእጀታው ጫፍ እስከ ጫፉ ዘረጋሁት።

«አሥር ከስድስት!» አልኩ ጮክ ብዬ። የረጅሟን ደግሞ፣ «አሥራ ሦስት ከስምንት!»

አባዬን ቀና ብዬ አየሁት። «ጎበዝ» አለ። ወይዘሮ አስካለም ራሴን ዳበሱኝ። ጋሽ ሸምሱ ለሌላ ደንበኛ ሚስማር እየመዘኑ ስለነበር አልሰሙም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺ አሥር ከስድስት ሜክሲኮ አደባባይን ሳንሻገር ነበር አፋፍ የወጣችው።

በማግስቱ አባዬ አንዲት ቀጭን ጣውላ ቆርጦ ልኩን አስጭሮኝ ሁለት ቀዳዳ በሳባት። ከዚያ ወዲያ ሜትር አያስፈልግም፤ ጣውላዋን በሩ ላይ አጋድሞ በቀዳዳዎቿ በኩል መብሳት ብቻ ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቢበሳ ጠርዙ ይላጣል ብሎ ሁሉንም አስቀድሞ ሊጨርስ ተነሳ። እኔ በሩን እይዛለሁ፤ መሰርሰሪያው ይጮሃል፤ ትኩሱ ሽታ አፍንጫዬን ይሞላዋል። «አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ ነው» ይለኛል በየመሀሉ። «የተበሳ እንጨት አይሰፋም፤ እንዳንቺ ቅንድብ አይደለም።»

አምስተኛው በር ላይ ስንደርስ እነዚያ የጀርባ ቀዳዳዎች ትዝ አሉኝ። ከእጀታው ጫፍ ትንሽ ገባ ያሉ ነበሩ።

«አባዬ» አልኩ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ አልሰማኝም። «አባዬ!»

መሰርሰሪያውን አቁሞ፣ «ምን አልሽ?» አለኝ። ፊቱ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሶ ደስ ብሎታል።

«ምንም።»

እሱ ያውቃል አልኩ ለራሴ። ስህተት ቢሆን ያርመኝ ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የኔ ዝምታ ግን እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ነቀዘ። ማታ ማታ ስተኛ ቀዳዳዎቹ ይታዩኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። ካቢኔቱ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ደርቆ፣ በጋሪ ካዛንቺስ እስኪገባና ግድግዳው ላይ እስኪሰቀል ድረስ አልተናገርኩም።

እጀታዎቹ የደረሱት ጳጉሜ ሦስት ቀን ነው። የሩፋኤል ዝናብ ጸበል ነውና የካዛንቺስ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው መንገዱ ላይ ይቦርቃሉ፤ ጩኸታቸው በመስኮቱ ይገባል። ሌላ ዓመት ቢሆን እኔም ከቂርቆስ ልጆች ጋር እዚያ ዝናብ ውስጥ ነበርኩ። ያን ቀን የብሎን ከረጢት ይዤ ከአባዬ ጎን ቆሜያለሁ። ወይዘሮ አስካለ ሳሎን ናቸው።

አባዬ የመጀመሪያውን ብሎን ከበሩ ጀርባ አስገብቶ እጀታውን ከፊት ገጠመው። ያዘ። ሁለተኛውን አስገባ። አልያዘም። እጀታውን ገለበጠው፤ አልያዘም። ሁለተኛው በር ላይ ሞከረ። ሦስተኛውን ሞከረ። አራተኛውን አልሞከረም። አንድ ጣቱን የበሩ ቀዳዳ ላይ፣ ሌላውን የእጀታው ቀዳዳ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። አንድ ሳንቲ ያህል ይሆናል ልዩነቱ።

«ሰናይት።»

«አቤት።»

«ስንት ነበር ያልሽኝ?»

«አሥር ከስድስት።»

«ከየት እስከ የት?»

«ከጫፍ እስከ ጫፍ።»

እጀታውን ለኔ አቀበለኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት አልነበረም፤ ንዴት ነው። «አይተኸዋል እኮ!» አልኩት። «ጎበዝ ብለኸኛል እኮ!»

«አላየሁትም።»

«አጠገቤ ቆመህ ነበር!»

«ሰናዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቁጥሩ አይታየኝም። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ጎበዝ ሲለኝ ውጤት እየሰጠኝ አልነበረም ማለት ነው። የነገርኩትን አምኖ እየቆረጠ ነበር። እያወቅኩ የመለስኩትንም፣ ሲሰለቸኝ በግምት የመለስኩትንም። የጎረቤታችንን በር የለካሁት እኔ ነኝ። እማዬን ያቃጠላት ቀይ ጨርቅ የኔ ነበር። አሁን ደግሞ አሥራ ሰባት እንጨት ላይ ሠላሳ አራት ቀዳዳ፣ ሁሉም የኔ። ካፖርቱ ትዝ አለኝ።

ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆመዋል። «ምን ተገኘ?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ፣ እንባዬ ቀድሞኝ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት! እኔ ነኝ በስህተት የለካሁት!»

አባዬ አፉን ቢዘጋ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጅ አበላሸች ይባላል፣ ልጅ ትቆነጠጣለች፤ የአናጺው ስም ይተርፋል። እሱም ይህ ታይቶታል፤ ሲያስብ አየሁት። የሚያስበውን ያህል ጊዜ የልጆቹ ጩኸት ከውጭ ሲመጣ ይሰማኝ ነበር።

«የሷ አይደለም እትዬ» አለ። «ከየት እስከ የት እንደምትለካ አልነገርኳትም። ልንገራት ብልም፣ የለካችውን ማየት አልችልም። ቅርብ አይታየኝም። ሜትር ማንበብ ካቃተኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ያንን ደብቄ ነው ሥራዎን የያዝኩት።»

«ደብቀው?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። መነጽራቸውን አጠለቁ። ወደ በሮቹ ሄደው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ ጣታቸውን አስገብተው ጭምር። «እንግዳዬ መስከረም አንድ ይገባል፤ እኔ በተበሳሳ በር ላስተናግደው ነው?»

ወይዘሮ አስካለ ዘወር ብለው ፊቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽሩን ከነዶቃ ክሩ ከአንገታቸው አወለቁ።

«ያጥልቁት።»

«ኧረ እትዬ…»

«ያጥልቁት አልኩ እኮ!»

አጠለቀው። የሴት መነጽር ነው፣ ዶቃው በሁለት ጉንጮቹ ላይ ተንጠለጠለ። ሜትሩንና እጀታውን ከኔ እጅ ወስደው ፊቱ ላይ ደቀኑ።

«ስንት ይላል?»

አባዬ እንደ ልማዱ ሜትሩን አርቆ ያዘው። ቀስ እያለ አቀረበው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥር ከስድስት። ልጄ አልዋሸችም።» እጀታውን ገለበጠው። «ከቀዳዳው መሀል እስከ ቀዳዳው መሀል፣ ዘጠኝ ከስድስት።»

«ዓይነ ስውር አይደሉም» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «ግትር ነዎት እንጂ። ሁለት ቀን አለዎት። መነጽሩን ጳጉሜ አምስት ይመልሱልኛል፤ እኔ ቢሮ ሌላ አለኝ።» ሄደው የሳሎኑን በር ዘጉ። ቁጣቸው አልበረደም፤ በሩ ሲዘጋ ያስታውቃል።

ቤት እንደደረስን ለእማዬ ራሱ ነገራት። እማዬ ዶቃውን አየች፣ እኔን አየች፣ ጎረቤት በር ላይ ያለውን ጨርቅ አየች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። «ሁለት ዓመት አብሬህ ስተኛ አልነገርከኝም» አለችና ፊቷን አዞረች። ፊቷን ሳትመልስ፣ «እስከ መስከረም አንድ ነው ያልኩህ፤ ቃሌን አላጥፍም» አለች።

የተበሳ እንጨት አይሰፋም፤ ሊሸፈን ግን ይችላል። አባዬ ለራሱ ሣጥን ያስቀመጣት አንዲት የወይራ ግንድ ነበረችው፤ ለዓመታት «ለክፉ ቀን» እያለ የሚያሻግራት። ያንኑ ቀን ሰነጠቃት። ቀጫጭን ንጣፍ አወጣ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰ፣ ዘይት አጠጣው። የተሳሳቱትን ቀዳዳዎች በእንጨት ውታፍና በኮላ ደፈነ፤ በላያቸው ላይ ንጣፉ ይገባል፣ በንጣፉ ላይ እጀታው። ከዚያ ደግሞ ብሎኑ አጠረ፤ ንጣፉ ውፍረት ጨምሮበታላ። እኔ በዝናብ ሜክሲኮ ሮጬ ከጋሽ ሸምሱ ረዘም ያለ ብሎን አመጣሁ። ታሪኩን ሲሰሙ፣ «ጥፋቱ የኔም ነው፤ ከመሀል መሀል ለኩ ማለት ነበረብኝ» ብለው ከልብ አዘኑ።

አዲሱን ልክ የያዝኩት እኔ ነኝ። አባዬ ሜትሩን ሊቀበለኝ ይችል ነበር፤ አልተቀበለኝም።

«ስንት ይላል?»

ከመሀል መሀል ያዝኩ። አፌ ደረቀ። «ዘጠኝ ከስድስት… ቆይ፣ እርግጠኛ አይደለሁም። እንደገና ልለካ።»

ጎንበስ ብሎ በዶቃው መነጽር አየ። «ግማሽ ሚሊ ወደ ቀኝ ሄደሻል። መልሺው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አረመኝ። እንዲያ ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ እሱም ሦስት ሦስት ጊዜ አየ። አንድ ንጣፍ ሲበሳ ተሰነጠቀና አባዬ ቁጭ ብሎ ራሱን ያዘ። ትርፍ አንድ ብቻ ነበረን።

ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መሳቢያ ላይ የመጨረሻው ብሎን ያዘ። ነጭ በር፣ ጠቆር ያለ ወይራ፣ በላዩ የሚያብለጨልጭ ብረት። ወይዘሮ አስካለ ገቡ። ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን በሳሙና አረጠቡና አሥራ ሁለቱን በርና አምስቱን መሳቢያ አንድ በአንድ ከፈቱ፣ ዘጉ። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ። ሰባተኛው ላይ ነጠላቸው የተነካ መስሎኝ ትንፋሼ ቆመ፤ አልተያዘም። አሥራ ሰባተኛውን ዘግተው ንጣፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ ከመጀመሪያው የታሰበ ነው ብዬ ነው ለሰው የምናገረው» አሉ። «እርስዎም እንደዚያው ይበሉ። የኔዋ አለቃ ደግሞ እንደዚህ ያለውን ካላየች አታምንም፤ ከበዓል በኋላ ይምጡና ያነጋግሯት።»

አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ላይ ሜትሩን አነሳሁና አቀበልኩት። መነጽሩን ሊያወልቅ አንድ እጁን ወደ ጆሮው ልኮ ነበር። እጁ እዚያው ቆመ። አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«ይሄ ነው?» አለ።

ምን ለማለት እንደፈለገ ገባኝ።

«ምንም አይታይም ያልኩሽ፣ ይሄ ነው?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ዓይኖቹ ከመስታወቱ ጀርባ ትልልቅ ሆነው ቅንድቤ ላይ ቆዩ። ሜትሩን ሳብ አድርጎ ጠባሳዬ ላይ አሳረፈው። ብረቱ ቀዘቀዘኝ፤ እንዳልንቀሳቀስበት ትንፋሼን ያዝኩ። ስንት ይላል ብሎ ማንንም አልጠየቀም።

«ከጫፍ እስከ ጫፍ» አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ፣ «ሁለት ከሦስት።»